ለጣቱ ነው የፈረምኩት

ባለፈው ወር የቤታችንን ካርታ ለማሳደስ አባቴን ይዤ አሰላ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሦስት ጊዜ ፈረመ፤ ሦስቱም ፋይሉ ውስጥ ካለው ከድሮ ፊርማው ጋር አልገጥም አሉ። ሠራተኛዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ አላመናጨቀችውም። "አባባ፣ ጣት ይሻላል መሰለኝ" አለችና ከመሳቢያዋ የቀለሙን ቆርቆሮ አውጥታ ክዳኑን ከፈተች። ያ የማኅተም ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ልቤ ድንግጥ አለ። አባቴ ቀለሙን አየ፣ ጣቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። የማን ጣት ትዝ እንዳለን ሁለታችንም አውቀናል፤ ግን ስሙን ያነሳ የለም።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ስምንተኛ ክፍል። አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ አጥሩን ተደግፋ የቆመች የላስቲክ ዳስ ነበረችው፤ ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት ወረቀት። ከበቆጂም ከሮቤም ከሲሬም ሰው ይመጣል። ድንበር የተገፋበት፣ ባሏ የካዳት፣ በሬው የጠፋበት። ሰዎቹ እያለቀሱም እየተሳደቡም ያወሩታል፤ እሱ ዝም ብሎ ሰምቶ ያንን ሁሉ እሪታ በሰባት በስምንት መስመር ያስቀምጠዋል። "ጋሽ ዘለቀ የጻፈው ወረቀት አይመለስም" ይባል ነበር። ምሳውን በምሳ ዕቃ ይዤለት ስሄድ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የሰው ጭንቀት እንዴት እንደሚጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አባቴ ቀልድ አያውቅም። መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ በመጀመሪያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነብለታል። "ሰምተሃል? ምን ይላል? ጣትህ ነው? ወደህ ነው?" እያለ ይጠይቀዋል። ከዚያ ከጣቱ ሥር ምስክር ይፈርማል። ምስክር ከጠፋ ራሱ ይፈርማል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ምስክር ሳይፈርምላት ወረቀቷን ይዛ ሄደች ብሎ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጦ መለሳት። ጉሮሮው ላይ የተጣበቀውን እንጀራ እንኳን አልዋጠም ነበር! "ጣት ብቻውን ሲሆን የማንም ነው፤ ነገ እኔ አይደለሁም ቢል ማን ይመልስለታል?" አለኝ እያለከለከ። ከእህቴ ከጽጌ በቀር በቤታችን እንደ ፊርማ የተከበረ ነገር አልነበረም።

ጽጌ ታላቄ ናት። አሥረኛን ስትጨርስ ናዝሬት የጽሕፈት ሥራ ትማር ብሎ የፈረመላት አባቴ ነው። ዓመት ሳትሞላ ከደላላ ጋር ተነጋግራ ቤይሩት ገባች አሉን። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር የለም። እማዬ ፖስታ ቤት ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስ እኛ ጓዳ ገብተን እንደበቃለን፤ ፊቷን ማየት ያስፈራን ነበር። አባቴ ስለ ጽጌ አይናገርም። ስሟ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል።

የኔን ነገር ያመጣው ስንዴ ነው። በበቆጂ መንገድ የሚኖር የእናቴ ወንድም ነበረን፤ በየዓመቱ መስከረም ከመግባቱ በፊት እሱ ጋ ሰንብተን እንመለሳለን። በዚያ ዓመት ስንዴው ውስጥ ሮጬ ስወጣ ነጭ ካልሲዬ ቢጫ ሆነ። በእጄ ብነካው ዱቄት ነው፣ እንደ እርድ የሚቀባ። አጎቴ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ያሻሸዋል። "ዋግ ነው" አለ። ዋግ ምንድን ነው ስለው "ዋግ ነዋ፣ ምን እልሻለሁ እንግዲህ" አለኝ ተቆጥቶ። ዓይኑ ግን እንባ ነበረበት። ስንዴ ሊያፈራ ሲል ኮስምኖ ሲቀር ያየ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ያንን ካልሲ እማዬ ስትወስድብኝ አጥባው እንዳታጠፋው ለምኛት ነበር፤ አጠበችው።

ትምህርት ሲከፈት የሳይንስ አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። ከወሎ የተመደበ ወጣት ነው፣ ብርዱን ሳይለምድ ሁልጊዜ ጋቢውን በኮቱ ላይ የሚደርብ። "በሽታ ነው፤ ሕይወት አለው፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል" አለኝ። ማይክሮስኮፕማ ትምህርት ቤታችንም አንድ ነበረው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። በመስታወቱ ወገቡን ብቻ እናየዋለን። "ናዝሬት አጠገብ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ለያንዳንዱ ተማሪ ያሳያሉ። በፈተና ነው የሚቀበሉት" አለኝ ቲቸር። እኔም ሌላ ነገር መስማት አቆምኩ። ሌሎቹ ልጆች ዶክተር እሆናለሁ፣ ፓይለት እሆናለሁ ይሉ ነበር። እኔ የፈለግኩት ያንን ዱቄት ፊት ለፊት ማየት ነው። ምን ዓይነት ፊት እንዳለው።

ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ከትምህርት ቤታችን እኔና አንድ ልጅ ብቻ። ከውጤቱ ጋር አንድ ፎርም ተሰጠኝ፦ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ዳይሬክተሩ ፊት ቀርቦ ይፈርም፤ እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ያልተመለሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ቀኑ ሰኞ ነበር።

አባቴ ፎርሙን እንደ ባለጉዳይ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው። አጠፈው። መለሰልኝ።

"አልፈርምም።"

"ለምን አባዬ? በነፃ እኮ ነው፣ መኝታውም ምግቡም..."

"ጽጌን ፈርሜ ነው የላኳት" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እማዬን አየኋት። "አባትሽ ካለ አለ ነው" ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። አያቴ ደግሞ ካልጋዋ ሆና "አሰላ ትምህርት ጠፋ? እዚህ የሌለ ትምህርት እዚያ ምን ይሠራል?" አለች። ወንድሜ ሳቀብኝ፤ "ለስንዴ በሽታ ብላ አገር ጥላ የምትሄድ!" አለና ጎረቤት ሁሉ አዳርሶ አወራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሜ እመቤት መሆኑ ቀርቶ ዋግ ሆነ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ "ዋግ መጣች" ይሉኛል። አይ የዚያን ጊዜ ንዴቴ! ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ማክሰኞ አንድ ብልሃት መጣልኝ። አባቴ የጻፈው ማመልከቻ አይመለስም አይደል? ፎሊዮ ወረቀት ከዳሱ ሰርቄ፣ ግራና ቀኝ ኅዳግ ትቼ፣ በራሱ አጻጻፍ ጻፍኩለት። "ለአቶ ዘለቀ ወልዴ፤ አሰላ። ጉዳዩ፦ ፎርም እንዲፈረምልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች የእርስዎ ሁለተኛ ሴት ልጅ ስሆን..." እያልኩ ቤት ውስጥ አንተ የምለውን አባቴን እርስዎ ብዬ፣ ፈተናውን እንዴት እንዳለፍኩ፣ የአጎቴ ስንዴ እንዴት እንደጠፋ፣ በየሳምንቱ ደብዳቤ እንደምጽፍ፣ ደላላ የሚባል ሰው ካናገረኝ እሪ እንደምል ሁሉን በተራ ዘረዘርኩ። ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አድርጌ ሰጠሁትና ሮጥኩ።

ማታ ሲገባ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጫፉ ላይ ባለሥልጣኖች እንደሚያደርጉት በቀይ እስክሪብቶ ጽፎበታል፦ "አቤቱታው በሚገባ ቀርቧል። ጉዳዩ ተቀባይነት አላገኘም።" ፊርማ፣ ቀን። አፌን ከፍቼ አየሁት። "አጻጻፍሽ ከኔ ይሻላል" አለኝ፤ ሲለኝ ደግሞ ድምፁ ተሰበረ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሌላ በር የሚቆለፍበት ክፍል አልነበረንማ።

በኛ ጊዜ የተማረ ሁሉ "ወላጅ አምጣ" የሚባለውን ያውቀዋል። ጥፋት አጥፍቶ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ እውነተኛ አባቱን ይዞ አይሄድም። ሊስትሮም ይሁን ተሸካሚም ይሁን መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ለምኖ "አጎቴ ነው" ይላል። አንዱ የክፍላችን ልጅ ጫማ ሰፊ ይዞ መጥቶ፣ ሰውዬው ሥራውን አምርሮ ያዘና ዳይሬክተሩ ፊት በጥፊ አጩሎት ልጁ ሳምንት ሙሉ በአንድ ጆሮው ነበር የሚሰማው። ታዲያ ረቡዕ ዕለት ጓደኛዬ ሐዊ "እኔ ጋ ጥሩ አጎት አለ" አለችኝ። ጎረቤቷ ጋሽ ገመዳ፣ ባለጋሪ። የሁሉም ወላጅ የሚመጣው ልጁ ጥፋት ሠርቶ ነው፤ የኔ ጥፋት ማለፌ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጋሽ ገመዳን ገበያው ዳር ፈረሳቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጺማቸው ሽበት የጣለበት። ነገሩን ስንነግራቸው ከፈረሱ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። "ስርቆት አለበት?" አሉ። የለበትም አልን። "መማር ነው?" አሉ። መማር ነው አልኩ። "የማን ልጅ ነሽ?" ሲሉኝ ግን ዋሸሁ፤ "አባቴ እዚህ የለም" አልኳቸው። ፈረሳቸው ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቁ። "እሺ ኢንታላ ኮ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ማንም ልጄ ያለኝ ስላልነበረ በዚያ ሳምንት፣ ከሳቸው ጋር ወዲያው ተዛመድኩ።

ዓርብ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሪያቸው የትምህርት ቤቱ በር ጋ ቆመች። የለቅሶ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል፣ ፊታቸው በቅባት ያብረቀርቃል። የእናቴ ወንድም ነኝ እንዲሉ፣ ብዙ እንዳያወሩ፣ አስጠናኋቸው። ዳይሬክተሩ አዲስ ተዛውረው የመጡ ስለነበሩ የሰፈሩን ሰው ገና አያውቁም። ያ ነበር ተስፋዬ ሁሉ።

ዳይሬክተሩ ወንበር አቀረቡላቸው። "ልጅቷ ስትሄድ አይከፋችሁም?" አሉ። ጋሽ ገመዳ ብዙ እንዳያወሩ የነገርኳቸውን ረሱ። "ይከፋናል እንጂ። ቤት ባዶ ይሆናል። ግን የታሰረ ፈረስ ገመዱን ሲበላ አይተው ያውቃሉ ጌታዬ? እኔ አይቻለሁ። ልጅም እንደዚያ ነው" አሉ። የምሬን ነው፣ አጎቴ መሆናቸውን እኔው ራሴ አመንኩ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው ፎርሙን አዙረው እስክሪብቶ ሰጧቸው።

ጋሽ ገመዳ እስክሪብቶውን ተቀበሉና አዩት። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ወይ ጉዴ! የማመልከቻ ጸሐፊ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጣት ሲያርፍ ያየሁ ልጅ፣ "መፈረም ይችላሉ ወይ?" ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ጣት ይሆናል?" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ይሆናል ተባለ፣ የማኅተሙ ቀለም መጣ፣ አውራ ጣታቸው ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሐምራዊ፣ ሰፊ፣ መሐሉ ላይ የመጫኛ ጠባሳ የቆረጠው። ተገላገልኩ ብዬ ልተነፍስ ስል ዳይሬክተሩ ፎርሙን አንስተው ማንበብ ጀመሩ።

"የአባት ስም ዘለቀ ወልዴ። የአባት ሥራ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ" አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። "አባትሽ ጸሐፊ ሆነው ለምን አጎትሽ በጣት ይፈርማሉ?"

ጋሽ ገመዳ ዞር ብለው አዩኝ። ያ አስተያየታቸው እስከዛሬ አለብኝ። አባቴን ያውቁታል! ዓምና ፈረሳቸው ተይዞባቸው ማመልከቻ የጻፈላቸው እሱ ነው። አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"ታሟል" አሉ ጋሽ ገመዳ።

"መንገድ ሄዷል" አልኩ እኔ፣ እኩል።

ውጭ የፈረሱ ቃጭል ይሰማኛል። ዳይሬክተሩ ፎርሙን ይዘው ተነሱ። "ታመውም ከሆነ እጠይቃቸዋለሁ፣ መንገድም ከሄዱ መሥሪያ ቤታቸው ይነግሩኛል። የት ነው?" አሉ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ መሆኑን መናገር ግድ ሆነብኝ። "ሩቅ ነው?" ሲሉ ጋሽ ገመዳ "ጋሪዬ ውጭ አለች" አሉ። እንዴት ያለ ጉድ ነው፣ ወደ መከራችን የወሰድነው በራሳችን ጋሪ ነው።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ዓይነት መንገድ ሄጄ አላውቅም። ዳይሬክተሩ መሐል፣ እኔ ከጎናቸው፣ ጋሽ ገመዳ ፊት። ጋሽ ገመዳ ልጓሙን በአራት ጣት ይዘው ቀለም የነካውን አውራ ጣታቸውን የለቅሶ ኮታቸው እንዳይበላሽ ወደ ላይ ቀስረውታል። ዓይኔን ከዚያ ጣት ላይ መንቀል አልቻልኩም። ልዝለል? ከጋሪው ዘልዬ ወደ አጎቴ አገር በእግሬ ልሂድ? ብዬ አስቤያለሁ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

አባቴ ሁለት ባለጉዳይ ፊቱ ተቀምጠው ነበር። ዳይሬክተሩን ሲያይ ብድግ አለ፣ ጋሽ ገመዳን ሲያይ ግር አለው፣ እኔን ሲያይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ሰላምታ ሰጥተው ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "አቶ ዘለቀ፣ ታመዋል ተብያለሁ፣ መንገድ ሄደዋልም ተብያለሁ። ደህና ሆነው ስላየሁዎት ደስ ብሎኛል" አሉ። ባለጉዳዮቹ ወሬው እንዳያመልጣቸው አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተደላደሉ።

አባቴ መነጽሩን አደረገ። አነበበ። መስመር አልዘለለም። ጣቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጄን ከጀርባዬ አቆላልፌ ቆሜያለሁ፤ ጥፍሬ መዳፌን ወጋው። ይቀደዋል ብዬ ነበር። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ገመዳ፣ ይሄ ሲነበብልህ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ ጋሽ ዘለቀ።"

"ምን ይላል?"

"ልጅቷ ትማር ይላል።"

"ጣትህ ነው?"

"ጣቴ ነው።"

"ወደህ ነው? ያስገደደህ ሰው አለ?"

"ወድጄ ነው።"

አባቴ የጣቱን አሻራ ደግሞ አየው። "አጎቷ ነህ?" አለ።

ጋሽ ገመዳ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ አባቴን ትክ ብለው አዩት። "ዛሬ ነኝ" አሉ።

ማንም አልሳቀም። አባቴ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። ከጣቱ ሥር በዚያ ቆንጆ ጽሑፉ "ከላይ ያረፈው የጣት አሻራ የአቶ ገመዳ መሆኑን አይቻለሁ" ብሎ ጻፈ። ስሙን ጻፈ። ፈረመ። ቀኑን አኖረ። ወረቀቱን ለዳይሬክተሩ ሲሰጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኔ ገና ጎልማሳ ነው፣ በሽታ አልነበረበትም።

"ለጣቱ ነው የፈረምኩት" አለ። "ለመሄዷ አይደለም። እኔ አልፈቀድኩም።"

ዳይሬክተሩ ጽሑፉን ሁለቴ አነበቡት። እኔን አዩኝ። ሰዓታቸውን አዩ። "ለኔ ይበቃኛል" አሉ። አባቴ ቀና ብሎ ባለጉዳዩን "እሺ፣ አንተ ደግሞ በሬህ የጠፋው መቼ ነው አልከኝ?" አለው።

ተሳካልኝ ማለት ነው፣ ግን ደስ አላለኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስክሄድ ድረስ አባቴ አላናገረኝም። ምሳ ዕቃውን ይቀበለኛል፣ ባዶውን ይመልስልኛል፣ በቃ። የምሄድ ቀን ጠዋት ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ወደ ዳሱ ወጣ። እማዬ የጽጌን ሹራብ ሳጥኔ ውስጥ ከትታ፣ በር ላይ ስማኝ ፊቷን አዞረች። መናኸሪያ ያደረሱኝ ጋሽ ገመዳ ናቸው። ሳጥኔን አውቶቡሱ ላይ አስጫኑልኝና "አደራ፣ ውሸታም አታድርጊኝ" አሉኝ። እስከ ናዝሬት ድረስ አለቀስኩ።

ማይክሮስኮፑን ያየሁት በሦስተኛው ወር ነው። ከአጎቴ ማሳ በብጣሽ ወረቀት ጠቅልዬ የወሰድኩትን ቅጠል አስተማሪያችን መስታወት ላይ አደረገችልኝ። ትንንሽ ክብ ክብ ነገር፣ እሾህ እሾህ ያለው፣ ብርቱካን የመሰለ። ይኼ ነው እንዴ አጎቴን ያስለቀሰው? ዞር ብዬ የምነግረው ሰው ፈለግኩ፣ የለም። ለቤት ጻፍኩ። መልስ መጣ። እማዬ መጻፍ ስለማትችል የጻፈው አባቴ ነው፦ "እኔ እናትሽ ደህና ነኝ፤ አያትሽ ደህና ናት፤ ብርድ እንዳይመታሽ" ይላል፤ ከሥሩ የእማዬ ጣት፣ ከጣቱ ሥር የአባቴ ምስክርነት። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የተጻጻፍነው። ከራሱ አንዲት ቃል አልጨመረም። "አባትሽም ሰላም ይልሻል" የምትል እንኳን። በየደብዳቤው እሷን እፈልጋለሁ፣ አላገኛትም።

ያኔ ፈቃድ ማለት አንድ ሰው ኮቱን ለብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፊትህ የሚቆምልህ ነገር ነበር። ዛሬ የወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመጣለትን ፈቃድ አባቱ ስልኩን አንዴ ነካ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ምን እንደሆነም አያነበውም። ገበሬውም በዋግ የተመታውን ቅጠል ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ ሥራዬ እሱ ነው፣ ቶሎ ምን እንደሚረጭ እነግረዋለሁ። ዋግ ብለው የሳቁብኝ የሰፈር ልጆች ዛሬ ስልኬን ለዘመዶቻቸው ይሰጣሉ። ጽጌ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደወለች፤ በሕይወት አለች፣ እማዬ ድምጿን ሰምታ ነው ያረፈችው። ጋሽ ገመዳም አርፈዋል። ለቅሷቸው ላይ ልጆቻቸው "በየት በኩል ነው የምትዛመዱን?" ሲሉኝ "አጎቴ ናቸው" አልኳቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ አባቴ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ሠራተኛዋ "ምስክር አለ?" አለች። እስክሪብቶውን ተቀበልኩና "ከላይ ያረፈው የጣት አሻራ የአባቴ የአቶ ዘለቀ ወልዴ መሆኑን አይቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። አባቴ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው። "ቀን አልጻፍሽም" አለኝ። ጻፍኩ።

ባጃጅ ውስጥ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ነው የተቀመጠው፣ ኮቱ እንዳይበላሽ። እንደዚያ ሳየው አልቻልኩም። "አባዬ፣ ያን ቀን ለምን ፈረምክ?" አልኩት። ሃያ ምናምን ዓመት ያልጠየቅኩት ጥያቄ።

"ጣቱ ምስክር አልነበረውማ" አለ። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ ወደ ሰፈራችን ኮረኮንች ሲገባ ቀጠለ። "በኔ ፊርማ የሄደች ልጅ አልተመለሰችም። አንቺ በኔ ፊርማ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። በሰው ጣት ሂጂ፣ ምናልባት ትመለሻለሽ ብዬ።"

መሐረቤን አውጥቼ እጁን ያዝኩና ጣቱን መጥረግ ጀመርኩ።

"እኔ ግን አልፈቀድኩም" አለኝ።

"አውቃለሁ አባዬ" አልኩት። ቀለሙ አልለቅ አለኝ፣ እኔም እጁን አለቀቅኩትም።